ከላፕቶፑ ክዳን ላይ አሻራ ስለማጥፋት

የፊሊፕስና አካባቢው መረዳጃ እድር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ መጋቢት 6 ቀን 2001 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 15 ቀን 2009)

ቦታ፦ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ፣ ከሐጂ ያህያ ግሮሰሪ በስተጀርባ ባለው የዕቃ ክፍል፣ በሩዝና በምስር ጆንያዎች መካከል

የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 በሐበሻ አቆጣጠር

የተጀመረበት ሰዓት፦ 9፡25 በዚያው አቆጣጠር

የተገኙ፦

1. ሐጂ ያህያ፣ ሊቀመንበር፣ የግሮሰሪው ባለቤት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ በመሆኑ የተቀመጡት እርሳቸው ናቸው። ሌሎቻችን ጆንያ ላይ ነን።
2. ወ/ሮ ሻሂዳ፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሠራተኛ። በቀጥታ ከሺፍት የመጡ።
3. አቶ ቂርቆስ፣ የንብረት ኃላፊ፣ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ። ጿሚ መሆናቸው ከስማቸው ጎን እንዲጻፍ ጠይቀዋል። መኪናቸውን ጎትተው እንዳይወስዱባቸው፣ ማለትም ቶው እንዳያደርጉባቸው፣ ሁለት ጊዜ ወጥተው ገብተዋል።
4. ወ/ሪት ጊፍቲ፣ አባል። ኢገን ከሚገኘው መሥሪያ ቤታቸው ላፕቶፑን ለእድሩ ያስገኙ።
5. ቡርሃን፣ ጸሐፊ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ አዘጋጅ። ካለፈው ጥር ጀምሮ።
6. ጋሽ አሳምነው፣ የቀድሞ ጸሐፊ፣ የክብር አባል።

ያልተገኙ፦

ወ/ሮ ብርነሽ ከዉድበሪ፣ በሥራ ምክንያት። አቶ ኢሀብ፣ በሠርግ ምክንያት። አቶ ምንዳዬ በፈረንጅ 8 ሰዓት ጠዋት መጥተው በሩን ዝግ ስላገኙት የተመለሱ ሲሆን፣ ስልክ ተደውሎላቸው «እኔ የድርሻዬን ተሰብስቤ ሄጃለሁ» ብለዋል። አራተኛው ያልተገኘ ሰው ማን እንደሆነ ለጊዜው ያስታወሰ የለም፤ የኮሚቴው አባላት ግን በጠቅላላው ዘጠኝ መሆናችን የታመነ ነው።

ምልአተ ጉባኤ፦

ለመወሰን ስድስት ሰው ያስፈልጋል። የተገኘነው የኮሚቴው አባላት አምስት ነን። የክብር አባል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ሃያ ደቂቃ አከራከረ። ደንቡ ሲገለጥ ስለ ክብር አባል የሚናገረው ገጽ ሻይ ፈስሶበት አልነበብ አለ። ደንቡን ያረቀቁት ጋሽ አሳምነው ራሳቸው በመሆናቸው ምን ብለው እንደነበር ተጠየቁ። እርሳቸውም «ይቆጠራል ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ዛሬ ልቆጠር መፈለጌን ግን ገና አልወሰንኩም» ሲሉ መለሱ። በዚህም መሠረት ስብሰባው ሕጋዊ የሚሆነው ጋሽ አሳምነው ክፍሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ ብቻ መሆኑ ታውቆ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው በኮምፒውተር ጽፎ ያተመውን አሥራ አንድ ገጽ ለማንበብ ሲነሣ፣ ሐጂ ያህያ ሱቁን የሚጠብቅላቸው ሰው እንደሌለ ገልጸው ሳይነበብ እንዲጸድቅ ጠየቁ። ሳይነበብ ጸደቀ። ጸሐፊው ጽሑፉ ሁለት የዕረፍት ቀን እንደፈጀበት አስታወሰ። ይህ አይመዝገብ ተባለ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ አሻራን ስለማጥፋት

2.1 የጉዳዩ አመጣጥ። የወ/ሪት ጊፍቲ መሥሪያ ቤት ባለፈው ዓመት ዕቃ ሲቀይር ከካርቶኑ ሳይወጣ የተረፈ አንድ ላፕቶፕ ለእድሩ ሰጥቷል። ክዳኑ እንደ ሌላው ፕላስቲክ አይደለም፤ ጎማ ነገር ተቀብቷል። ጥቁር ነው፣ አያብለጨልጭም፣ ሲዳስሱት ይለሰልሳል። ችግሩ የነካውን ሁሉ አለመርሳቱ ነው። አንድ ሰው በወዛም እጁ ከያዘው አምስቱም ጣቶቹ እዚያው ይቀራሉ፣ በእጅጌ ቢጠርጉት ደግሞ ምልክቱ ይሰፋል እንጂ አይሄድም። ላፕቶፑ ስምንት ወር ጋሽ አሳምነው ዘንድ ከቆየ በኋላ ጥር ላይ እርሳቸው ከጸሐፊነት ሲነሡ ለአሁኑ ጸሐፊ ተላልፏል። ባለፈው ስብሰባ ወ/ሮ ብርነሽ ጭናቸው ላይ እንዲያስቀምጡት ቢሰጣቸው «ይሄማ መጀመሪያ ይታጠብ» ብለው መልሰውታል። አጀንዳው የተያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

2.2 ስለ ጥሪው። ጋሽ አሳምነው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ሦስት ትልልቅ ደብተር በብብታቸው ይዘው ነው የመጡት። አጀንዳ ሁለት እንደተነበበ ብድግ ብለው፣ ከሥራቸው መነሣታቸው እንዳይበቃ በሕይወት እያሉ አሻራቸውን ለማጥፋት ስብሰባ መጠራቱ በእድሩ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነውር መሆኑን አስገነዘቡ። ቤቱ ግራ ተጋባ። ጸሐፊው በስልካቸው ላይ የተወው መልእክት ግልጽ እንደነበር አስረዳ። ጋሽ አሳምነው መልእክቱን አላጠፉትም ነበርና በድምፅ ማጉያ አሰሙ። በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ቃል በቃል ተመዝግቧል፦

«ጋሽ አሳምነው፣ ቡርሃን ነኝ። እሑድ ስብሰባ አለ። አጀንዳው አሻራ ማጥፋት ነው፣ በተለይ በእርስዎ ጊዜ የቀረውን። ቢመጡ ጥሩ ነው፣ ባይመጡም እናጠፋዋለን።»

ወ/ሮ ሻሂዳ «የአላህ ያለህ!» አሉ። ጸሐፊው መልእክቱ ከዐውዱ ተነጥሎ መሰማቱን ተቃወመ። ዐውዱ የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ።

2.3 የጋሽ አሳምነው መከላከያ። ጋሽ አሳምነው በእጅ የተጻፈ አሥራ አራት ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የእያንዳንዱን አባል ስም፣ የእናቱን ስምና የሚጠራለትን ዘመድ በሰማያዊ ደብተር እንደመዘገቡ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ኤርፖርት የካርጎ በር ላይ ቆመው አስከሬን እንደሸኙ፣ በበረዶ ሁለት ጊዜ ወድቀው አንድ ጊዜ ብቻ እንደታከሙ ዘረዘሩ። ሊቀመንበሩ በየገጹ ጣልቃ እየገቡ ጉዳዩ የዘይት ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ሞከሩ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ጋሽ አሳምነው ወረቀቱን አስቀምጠው የሚከተለውን ተናገሩ፦

«ዘይት ነው የምትሉኝ? አሥራ አንድ ዓመት ያፈሰስኩት ላብ ዛሬ ዘይት ሆነ?»

ይህን ብለው ወደ በሩ አመሩ። ምልአተ ጉባኤው ከእርሳቸው ጋር ወደ በሩ ማምራቱን ያስተዋሉት ሐጂ ያህያ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁላቸው። ጋሽ አሳምነው ለትንሽ ጊዜ ካመነቱ በኋላ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ከዚህ በኋላ ስብሰባውን የመሩት በምስር ጆንያ ላይ ሆነው ነው።

2.4 ስለ ዘይቱ ዓይነት። ወ/ሪት ጊፍቲ ላፕቶፑን ከቦርሳ አውጥተው በብርሃን ፊት አዘነበሉት። ምልክቱ በርግጥም ብዙ ነው፤ ክዳኑ ላይ እጅ ያላረፈበት ቦታ የለም። ጋሽ አሳምነው መነጽራቸውን አድርገው ካዩት በኋላ እጁ የእርሳቸው መሆኑን አመኑ፣ ስለዚህም መጥፋት እንደሌለበት ጨመሩ። አቶ ቂርቆስ ለማየት እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ መልሰው ሰበሰቡና ዘይቱ የምን እንደሆነ ጠየቁ። ወሩ ዐቢይ ጾም በመሆኑ ቅቤ ከሆነ መንካት እንደማይችሉ፣ ነክተው እጃቸውን ሳያውቁት አፋቸው ላይ ቢያደርጉ ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድ እንዲነገራቸው አሳሰቡ። ሐጂ ያህያ በበኩላቸው ነገሩ ከሥጋ የወጣ ከሆነ በማን እጅ እንደታረደም መታወቅ አለበት አሉ።

ጋሽ አሳምነው ቤታቸው ቅቤ ከገባ ዓመት እንደሆነው፣ ሐኪም እንደከለከላቸው በቁጣ ገለጹ። ቃላቸው በቂ አይደለም ተብሎ ሦስት አባላት ያሉት የአሽታች ንኡስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ንኡስ ኮሚቴው ክዳኑን ተራ በተራ አሽትቶ የተለያየ ሪፖርት አቀረበ። ወ/ሪት ጊፍቲ ሽሮ ነው አሉ። ሐጂ ያህያ የሳንቡሳ ዘይት ሊሆን እንደሚችል፣ ያም ከሆነ ከእርሳቸው ሱቅ እንዳልሆነ አስታወቁ። ወ/ሮ ሻሂዳ ሰው ሰው ነው የሚሸተው አሉ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ዘይቱ የጾም እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

2.5 ስለ ማጽጃው፣ የመጀመሪያ ሐሳብ። ወ/ሪት ጊፍቲ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ያነበቡትን አቀረቡ። ለስላሳ ጨርቅ፣ በጣም ትንሽ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የሳህን ሳሙና፤ ጨርቁ በደንብ ይጨመቃል፣ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል፣ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። አለቀ። ቤቱ ይህን ካዳመጠ በኋላ አቶ ቂርቆስ «ለዚህ ነው እንዴ ስብሰባ የተጠራው? ለዚህ ነው ኤርፖርት ተራዬን ጥዬ የመጣሁት?» ሲሉ ጠየቁ። ሐሳቡ የጉዳዩን ክብደት የማይመጥን ሆኖ በመገኘቱ በአራት ተቃውሞ፣ በአንድ ድጋፍ ወደቀ። ጋሽ አሳምነው አሻራቸውን በሚመለከት ድምፅ መስጠት ደንቡ እንደማይፈቅድ ገልጸው ታቅበዋል። ያ ገጽም አይነበብም።

2.6 ሁለተኛ ሐሳብ። ወ/ሮ ሻሂዳ ከዩኒፎርማቸው ኪስ የአልኮል መጥረጊያ አወጡ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አልጋውንም፣ ጠረጴዛውንም፣ አንዳንዴም ሰውየውን የሚጠርጉት በዚሁ እንደሆነ፣ እስካሁን ያማረረ እንደሌለ አስረዱ። ተፈቀደላቸው። ከክዳኑ ጥግ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ «ክሊን ላድርገው» ብለው በኃይል ፈተጉ። ምልክቱ ለቀቀ። ቀለሙም አብሮ ለቀቀ። የቀረው ቦታ ግራጫ ሆኖ ሙጫ ያዘ፣ የመጥረጊያው ክርም ተለጥፎበት ቀረ። ወ/ሮ ሻሂዳ አልኮሉ ሳይሆን ክዳኑ ችግር እንዳለበት ገለጹ።

ጋሽ አሳምነው ከአሥራ አንዱ ዓመት ስንተኛው እንደጠፋ እንዲነገራቸው ጠየቁ። 

2.7 የዐሱር ሶላት ዕረፍትና በዕረፍቱ ጊዜ የተከሠተው። ከ10፡50 እስከ 11፡05 ሐጂ ያህያ፣ ወ/ሮ ሻሂዳና ጸሐፊው ለሶላት ወጡ። ወ/ሪት ጊፍቲ ስልክ ላይ ነበሩ። ጋሽ አሳምነው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰባተኛውን ገጽ ለራሳቸው ያነቡ ነበር። አቶ ቂርቆስ በዚህ ጊዜ ወደ መኪናቸው ሄደው ከኋላ ዕቃ መጫኛው አንድ ጠርሙስ ይዘው ተመልሰዋል።

ስንመለስ የላፕቶፑ ክዳን ያብለጨልጫል። አቶ ቂርቆስ የታክሲያቸውን ጎማ የሚያሳምሩበትን ማብረቂያ ግማሽ ጠርሙስ አፍስሰውበታል። ያለ ውሳኔ ለምን እንደፈጸሙ ሲጠየቁ ክርክሩ ከጠዋት ጀምሮ «ጎማ ነው፣ ጎማ ነው» ሲባል እንደነበር፣ በጎማ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ክፍል ውስጥ ከእርሳቸው የሚበልጥ ሰው እንደሌለ፣ ሃያ ዓመት በጎማ ላይ እንጀራ እንደበሉ አስረዱ። ወ/ሪት ጊፍቲ ይህ የመኪና ጎማ እንዳልሆነ ተናገሩ። አቶ ቂርቆስ «ጎማ ጎማ ነው፣ እህቴ» ብለው መለሱ። ስብሰባው ከጠዋት ጀምሮ እንዳልነበረም ጸሐፊው አስታውሷል።

ሐጂ ያህያ ላፕቶፑን አንሥተው ለመመርመር ሲሞክሩ ከእጃቸው አመለጣቸው። ወ/ሮ ሻሂዳ ቀለቡት፣ አመለጣቸው። ጸሐፊው ያዘው፤ ለጸሐፊውም አልቆመም። በመጨረሻ ምስሩ ጆንያ ላይ አረፈ፣ ጆንያውም ክፍት ነበርና ክዳኑን ምስር ሸፈነው። ምስሩ ይለቀም ወይስ ከነምስሩ ይተው የሚል አጭር ክርክር ተደርጎ፣ ምስሩ የሚሸጥ በመሆኑ እንዲለቀም ተወሰነ። ሐጂ ያህያ ስለ መሸጡ የተባለው ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠይቀዋል። አልወጣም።

አቶ ቂርቆስ በጎማ ማብረቂያው መጠቀማቸውም ከዕረፍቱ በፊት እንደተወሰነ ተቆጥሮ ጸደቀ። ሐጂ ያህያ ወደ ፊት ችግሩ እንዳይደገም ላፕቶፑ እንደ ቤታቸው የቴሌቪዥን ሪሞት በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። ሪሞታቸው በዚህ ዘዴ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። በከፍተኛ ጭብጨባ ተወሰነ።

2.8 ስለ ውስጡ። ማብረቂያው ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ለማጣራት ወ/ሪት ጊፍቲ ላፕቶፑን ከፈቱት። አልገባም። ነገር ግን ሌላ ነገር ታየ። ክዳኑ እንዲያ በእጅ ምልክት ተሞልቶ ሳለ ፊደል መምቻው ላይ አንዲት ጣት አላረፈችም። ስክሪኑ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ስስ ላስቲክ እንኳ አልተነሣም።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው የመናገር ዕድል ጠይቆ ተሰጠው። የተናገረው እንደሚከተለው ነው። የአባላት ዝርዝር ወደ ኮምፒውተር እንዲገባ ኮሚቴው ለቀድሞው ጸሐፊ አደራ ሰጥቶ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ሲጠየቁ «እየተሠራ ነው» ይሉ ነበር። እነሆ አንዲት ፊደል እንኳ አልተመታችም። ጠፋ እየተባለ የሚለቀስለት አሻራ ክዳን ላይ ብቻ ነው፣ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ነገር የለም።

ጸሐፊው ይህን ሲናገር ደስ እያለው እንደነበር መካድ አይቻልም።

ወ/ሮ ሻሂዳ «አንተስ ከጥር ወዲህ ምን ስትሠራበት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው የአማርኛ መጻፊያው ያለው በቤቱ ኮምፒውተር በመሆኑ ላፕቶፑን ገና ለመክፈት እንዳልደረሰ አስረዳ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊውን የተመለከተ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ጋሽ አሳምነው ዞረ። ጋሽ አሳምነው ክራባታቸውን አላሉ። የተናገሩት በማንም ትእዛዝ ሳይሆን ጸሐፊው በራሱ ፈቃድ ቃል በቃል መዝግቦታል፦

«መክፈቻውን አጥቼው ነው። የመጀመሪያ ቀን በግራ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። የሰው ንብረት እንዳልሰብር ፈራሁ። ለምን አልጠየቅህም ትሉኛላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሁሉ እኔን ሲጠይቅ ኖሮ፣ ክዳን እንዴት ይከፈታል ብዬ ማንን ልጠይቅ? ልጄን ብጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ስለዚህ እንደተዘጋ ይዤው ዞርኩ። ለቅሶ ቤት ወሰድኩት፣ ሆስፒታል ወሰድኩት። እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ሰዉም እድሩ ኮምፒውተር ገዛ ይላል። ስሙን ግን በደብተሬ ነው የምጽፈው። አንድም ሰው አልጎደለብኝም። ይኸው ነው።»

ሦስቱን ደብተሮች ምስሩ ጆንያ ላይ አስቀመጡ። ሐጂ ያህያ ከላይ ያለውን ገለጡ። እጃቸው ዘይት ስለነበር በመጀመሪያ በጋቢያቸው ጠረጉ። የሁላችንም ስም አለ፤ የጸሐፊውም ስም፣ የእናቱም ስም ጀሚላ ተብሎ፣ አጠገቡም «ይህ ልጅ ብቻውን ነው የመጣው፣ ቢታመም የሚጠይቀው የለም፣ እኔ አለሁ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። የተጻፈበት ቀን ጸሐፊው አሜሪካ የገባበት ሳምንት ነው።

አቶ ቂርቆስ ምስር መልቀም ጀመሩ፣ ለመልቀም የቀረ ምስር ግን አልነበረም። ወ/ሪት ጊፍቲ ላፕቶፑን ዘግተው ጋሽ አሳምነው ፊት በጉልበታቸው ተቀመጡና «እዚህ ጋ ነው ጋሼ፣ ይቺን መቆለፊያ ወደ ቀኝ ገፋ ነው። እኔም መጀመሪያ ጠፍቶብኝ ቢሮ ሰው ጠርቻለሁ» አሉ። ይህ እውነት ስለመሆኑ ማረጋገጫ አልቀረበም። ጋሽ አሳምነው ገፋ አደረጉ። ተከፈተ። ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። አራት ጊዜ ከፍተው አራት ጊዜ ከዘጉ በኋላ «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!» አሉ።

ጸሐፊው ማፈሩ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲመዘገብለት ጠየቀ። ጥያቄው ለድምፅ ቀርቦ በአራት ድጋፍ ጸደቀ። አቶ ቂርቆስ ቀደም ብሎ ማፈር ነበረበት በማለት ታቅበዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሐጂ ያህያ ከወንበራቸው፣ ማለትም ከጆንያቸው፣ ተነሥተው ዛሬ ቤቱ የወሰነውን ሁሉ መለስ ብሎ እንዲያየው ጠየቁ። ክዳኑ አሁን ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ የሚያብለጨልጭ ሲሆን፣ ላፕቶፑ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የስድስታችንም ጣት አርፎበታል። የማን የማን እንደሆነ ለመለየት ከአሁን በኋላ አይቻልም። ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

ሀ. ዘይቱ የጾም ነው የተባለው ተሽሯል። አቶ ቂርቆስ ዘይቱን ስለ መንካታቸው ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

ለ. በጎማ ማብረቂያውና በስስ ላስቲኩ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል። አልኮሉ ከመጀመሪያውም ውሳኔ አልነበረም፣ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ፈቃዱም ተሽሯል።

ሐ. «አሻራን ስለማጥፋት» የተባለው አጀንዳ እንዳልተነሣ ይቆጠራል።

መ. ጋሽ አሳምነውን ከጸሐፊነት ያነሣው የጥር ውሳኔ ተሽሯል። ውሳኔው ጸንቶ እንደማያውቅ ስለሚታሰብ ዛሬ ከ9፡25 ጀምሮ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ አሳምነው ነበሩ።

ሠ. በ«መ» መሠረት ይህ ቃለ ጉባኤ ሥልጣን በሌለው ሰው የተጻፈ በመሆኑ ዋጋ የለውም። ሕጋዊውን ቃለ ጉባኤ ጋሽ አሳምነው በደብተራቸው ይጽፋሉ።

ረ. ቡርሃን በየእሑዱ ለጋሽ አሳምነው ፊደል መምቻውን ያሳያል። ማን ማንን እንደሚያስተምር ለሰው አይነገርም።

ጋሽ አሳምነው ወዲያውኑ ሰማያዊውን ደብተር ገልጠው መጻፍ ጀመሩ። አምስታችንም ቆመን ጠበቅን። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም። የጻፉት ሙሉውን ይህ ነው፦ «እሑድ መጋቢት 6። ስድስት ሰው ተሰብስቦ ስለ ላፕቶፕ ተነጋገረ። ሁሉም በሰላም ገብቶ በሰላም ወጣ።»

ማፈሬን ለምን እንዳልጻፉት ጠየቅኋቸው፤ በድምፅ ጸድቋል አልኳቸው። እስክሪብቶውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱና «የሰው ማፈር ደብተር ላይ አይጻፍም፣ ልጄ» አሉኝ።

ስብሰባው ከቀኑ 12፡20 በሐበሻ አቆጣጠር ተበተነ። አቶ ቂርቆስ ሲወጡ መኪናቸው ቶው ተደርጋ ነበርና ጋሽ አሳምነውን ጨምሮ ሦስት ሰው በመኪናዬ እኔ ይዤ ሄጃለሁ።

ቡርሃን
ጸሐፊ ያልነበረ